ቤት የሚፈለገው በሰኔ ነው

ከግሸን ደብረ ከርቤ አምባ ግርጌ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ስምንተኛ ክፍልን ያለፈ ልጅ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ በእግር ተመላልሶ የማይደረስበት ከሆነ፣ ከተማ ገብቶ ቤት ይከራያል። አንዱ ውጫሌ፣ ሌላው ሐይቅ፣ ራቅ ያለ ያሰበው ደግሞ ደሴ ይሄዳል። ሁለት ሦስት የአንድ አገር ልጆች አንዲት ክፍል ተጋርተው፣ በሶውን፣ ሽሮውንና ቆሎውን ከቤት እየተሸከሙ ዓመቱን ይገፋሉ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዶርም ይጠብቀዋል። የአሥራ አምስት ዓመቱ ልጅ ግን ማደሪያውን የሚፈልገው በራሱና በወላጁ አቅም ነው፤ በዚህ ዕድሜ አንድ ወር ማርፈድ የሚያስከፍለው ብዙ ነው።

የትምህርቱና የእርሻው ዘመን አቆጣጠር አይገጥምም። ትምህርት የሚከፈተው መስከረም ላይ ስለሆነ አብዛኛው ወላጅ ልጁን ይዞ ከተማ የሚመጣው በምዝገባው ሰሞን፣ ነሐሴ ሲገባደድ ነው። ሁሉም በአንድ ሳምንት ቤት ሲጠይቅ ኪራይ ይወደዳል፣ ደላላም ይበዛል። ነሐሴ ደግሞ ጎተራ የሚጎድልበት ወር ነው፤ የመኸሩ እህል የሚገባው ከኅዳር በኋላ ነው። ገበሬው እጁ ባጠረበት ጊዜ ከተማው ይወደድበታል ማለት ነው። በልግ የሚያመርተው ደጋ ግን ወደ ሰኔ ግድም እህል ስለሚያስገባ ለቀብድ የሚሆን ገንዘብ በዚያን ጊዜ ማግኘት ይቀለዋል።

ለቤት ፍለጋም የሚሻለው ይኸው ሰኔ ነው። ተማሪው ፈተናውን ጨርሶ ፍራሹንና ድስቱን ጠቅልሎ ወደ አገሩ የሚመለስበት፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሰውም ቤቱን ለመጨረሻ ጊዜ የሚለቅበት ወር ነው። የሚለቀው ልጅ ደላላ የማይነግረውን ያውቃል፦ ውኃ በስንት ቀን እንደሚመጣ፣ አከራይዋ መብራት በስንት ሰዓት እንደሚያስጠፉ፣ የቆጣሪው ሒሳብ እንዴት እንደሚካፈል፣ ግቢው ማታ ጠጪ ያለበት ይሁን አይሁን። ቤቱን ለአገሩ ልጅ ካስተላለፈ አዲሱ ተማሪ የደላላ ክፍያ ይተርፈዋል፤ አከራይዋም የሚያውቁት ሰው ዋስ የሆነለትን ልጅ ይቀበላሉ።

በሰኔ የተያዘ ቤት ግን ክረምቱን ባዶውን ይቆያል። ሐምሌንና ነሐሴን ሳይኖሩበት መክፈል ለብዙ ቤተሰብ ከባድ ስለሆነ ድርድሩ እዚህ ላይ ነው። አንዳንዱ ዕቃ አስቀምጦ በግማሽ ኪራይ ይስማማል፤ አንዳንዱ ቀብድ ብቻ ሰጥቶ ይሄዳል። ደሴን በመሰለ ከተማ ዶርም ያልደረሳቸው የክረምት ተማሪዎች በእነዚሁ ሁለት ወራት ቤት ስለሚፈልጉ፣ ቤቱን ለእነሱ አከራይቶ መስከረም ላይ መረከብም ይቻላል። የስምንተኛ ክፍል ውጤት ገና ካልታወቀ፣ ልጁ ባያልፍ ቀብዱ ይመለስ እንደሆነ አስቀድሞ መነጋገር ይገባል። የጳጉሜን አምስት ወይም ስድስት ቀናት ይቆጠሩ አይቆጠሩ የሚለውም ቁርጥ ይፈልጋል።

ክረምት አንድ ጥቅም አለው፤ ቤቱ ጉዱን የሚያወጣው ያኔ ነው። በበጋ ደህና የሚመስል የጭቃ ቤት በሐምሌ ዝናብ ግድግዳው ይረጥባል፣ ቆርቆሮው ያፈሳል፣ ደጁ ማጥ ይሆናል። በሰኔ ቀብድ የሰጠ ወላጅ ለገበያ በወጣበት ቀን ጎራ ብሎ ቢያይ መስከረም ላይ አይደነግጥም።

ዘግይቶ መፈለግ ከሁሉም በላይ የሚጎዳው ሴት ልጆችን ነው። በመጨረሻ የሚተርፈው ክፍል ብዙውን ጊዜ ከትምህርት ቤቱ የራቀ፣ በሩ በወጉ የማይዘጋ ወይም መጠጥ ቤት የተጠጋ ነው። አከራይዋ እዚያው የሚኖሩበት፣ ሌሎች ሴት ተማሪዎች ያሉበት፣ የሚቆለፍ መጸዳጃ ያለው ግቢ ቀድሞ ይያዛል። እንዲህ ያለ ግቢ ለማግኘት ሁለት ወር ቀድሞ መነሳት ልጅቱ ትምህርቷን እንዳታቋርጥ ማድረግ ነው።

ቤቱ ከተያዘ በኋላ የመግቢያው ቀን ይቀራል። መስከረም 21 የግሸን ማርያም ንግሥ ነው። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በዚህ መስቀለኛ አምባ ላይ እንዳኖሩት የሚታመነውን ግማደ መስቀል ለመሳለም ከየአገሩ የሚመጣው ምዕመን የሐይቅንና የአምባሰልን መንገድ ያጨናንቃል። በዚያ ሰሞን ምጣድና ስንቅ ጭኖ ለመሄድ መኪና ማግኘት ስለሚያስቸግር፣ የአካባቢው ተማሪ ዕቃውን ከበዓሉ በፊት ቢያደርስ ይሻለዋል።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይላል። አዋጁ በማይሠራበት ከተማም ቢሆን የተከፈለውን ገንዘብና ቀኑን ጽፎ ሁለት ምስክር ማስፈረም አይከብድም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ስለተዘጉ፣ ትምህርት ቤቱ መከፈቱ ሳይረጋገጥ ከቀብድ ያለፈ ገንዘብ መስጠት አያስፈልግም።

ሰኔም መስከረምም ላለፈው ጥቅምት አለ። ትምህርት ቤት የቀየረው፣ ከጓደኛው ያልተስማማው፣ ስንቅ ያለቀበት ልጅ በዚህ ወር ክፍሉን ይለቃል። እስከዚያ ዘመድ ዘንድ የተጠጋ ተማሪ በጥቅምት ረጋ ብሎ ቤት መፈለግ ይችላል፤ አባቱም ማሽላውን ወይም ጤፉን እስኪያስገባ ብዙ አይቀረውም።