ፊልም የሚያስተምረው ሲቆም ነው

ውድ የጭሮ፣ የገለምሶና የበዴሳ መምህራን፦

በ1990ዎቹ አጋማሽ በሳተላይት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን የገባው የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት፣ ምስሉ ብሩህ፣ ዝግጅቱም ምሉዕ ሆኖ ሳለ፣ በቤቱ ኦሮምኛ ለሚናገረው ደቀ መዝሙር በእንግሊዝኛ እየፈጠነ ያልፍበት ስለነበር፣ መምህሩም ሊያቆመው ስለማይችል፣ ብዙ ጊዜ ከዓይን አልፎ ከልቡና ሳይደርስ መቅረቱን ተመራማሪዎች መዝግበዋል።

ሪቻርድ ሜየርን የመሰሉ የሥነ ልቡና ሊቃውንት እንዳስረዱት፣ ፊልም ይበልጥ የሚያስተምረው ቁልፍ ቃላቱ አስቀድመው ሲብራሩና ትዕይንቱ በየክፍሉ ሲከፈል ነው። ስለዚህ የአፈር መሸርሸርን የሚያሳየውን ፊልም ጎርፉ ማሳውን ሲቦረቡር አቁሙትና፣ «ይህ በጨርጨር ተዳፋት የት ይታያል? እርከን ቢኖርስ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን አስጽፋችሁ ቀጥሉ።

እንግዲህ የምታቆሙበትን ደቂቃና የምትጠይቁትን ጥያቄ አስቀድማችሁ ጽፋችሁ ወደ ክፍል ግቡ።