የባሪያ ንግድ በኢትዮጵያ ኤኮኖሚ ውስጥ የነበረው ድርሻ

በአትላንቲክ ውቅያኖስ በኩል ከአፍሪቃ ስለተጋዙት 12.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ብዙ ተጽፏል። ከነዚህ ውስጥ በሕይወት አሜሪቃ የደረሱት 10.7 ሚሊዮን ገደማ እንደሆኑ የመርከቦቹን መዝገብ ያጠኑ ሊቃውንት አስልተዋል። እኛ ኢትዮጵያውያን ግን ይህን ታሪክ የምናነበው ብዙውን ጊዜ እንደ ባዕድ ታሪክ ነው። የዐድዋ ድል የጥቁር ሕዝብ ነጻነት አርማ ስላደረገን፣ በገዛ ገበያችን ይሸጥ ስለነበረው ሰው ማንሣት ይከብደናል።

በ19ኛው መቶ ዘመን ከጊቤ ማዶ አገሮች የተፈነገሉት ሰዎች በሁለት አውራ መንገዶች ይነዱ ነበር። አንደኛው ዓባይን ተሻግሮ በጎጃም ባሶ ገበያ በኩል ወደ ጎንደር፣ ከዚያም ወደ መተማ ወይም ወደ ምጽዋ ይዘልቃል። ሁለተኛው በሸዋ አልዩ አምባ አድርጎ ወደ ታጁራና ወደ ዘይላ ይወርዳል። ሲራራ ነጋዴው ሰውን ከዝሆን ጥርስ፣ ከዝባድ፣ ከወርቅና ከቡና ጋር አንድ ላይ ይነዳ ነበር፤ በየኬላውም ቀረጥ ይከፍል ነበር። ከቀረጡ የሚገባው ብር ለገዢዎች ጠመንጃ ይገዛል፤ ጠመንጃውም ዘመቻን፣ ዘመቻውም ምርኮኛን ያመጣል። የንግዱ የኤኮኖሚ ምስጢር ይኸው ነው እንላለን።

በካሪቢያን ደሴቶች ባሪያው በስኳር እርሻ ላይ ተሰማርቶ፣ ትርፉ ለአውሮፓ ነጋዴ መዋዕለ ንዋይ ሆኗል። ኤሪክ ዊልያምስ በ1944 ባሳተመው መጽሐፍ የእንግሊዝ ኢንዱስትሪ ከዚህ ትርፍ እንደተጠቀመ ተከራክሯል፤ መጠኑ እስከ ዛሬ ያነታርካል። በእኛ አገር ግን ባሪያው በአብዛኛው ውኃ ቀጂ፣ እንጨት ለቃሚ፣ እህል ፈጪ፣ ጭነት ተሸካሚ ነበር። ጉልበቱ የጌታውን ማዕረግ ከፍ ከማድረግ አልፎ ለአገር ጥሪት አልሆነም።

ከዚህ ተነሥተው የእኛ ባርነት የዋህ ነበር የሚሉ አሉ፤ አንስማማም። በ1888 የእንግሊዝ የጦር መርከብ በቀይ ባሕር ላይ ከያዛቸው ጀልባዎች በርካታ የኦሮሞ ልጆች ነጻ ወጥተዋል። ከነሱ 64ቱ በ1890 ደቡብ አፍሪቃ ወደሚገኘው የላቭዴል ትምህርት ቤት ተወስደው ቃላቸውን ሰጥተዋል። ከወላጅ ጉያ ተነጥቀው ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጋገሩ የኖሩ ሕፃናት ቃል የዋህነት አይገኝበትም።

ዐፄ ቴዎድሮስም ዐፄ ምኒልክም ንግዱን ከልክለዋል፤ ነገር ግን የመንግሥት ገቢ ራሱ በንግዱ ላይ ተደግፎ ሳለ አዋጅ ብቻውን ምን ያደርጋል? ኢትዮጵያ በ1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል ከሆነች በኋላ የ1924ና የ1931 አዋጆች ወጡ። ፋሺስት ኢጣልያም በ1935 ይህንኑ ጉዳይ ለወረራዋ ሰበብ አደረገችው። ሙሉው ክልከላ በ1942 ታወጀ።

እኛ በቶርንተንና በአውሮራ የምንኖረውም ብንሆን፣ የኮሎራዶ ሕገ መንግሥት ባርነትን ለወንጀል ቅጣት ይፈቅድ የነበረውን ሐረግ ሕዝቡ በድምፅ የሰረዘው በ2018 መሆኑን ልብ ልንል ይገባል።

እንግሊዝ በ1833 ሕጓ 20 ሚሊዮን ፓውንድ የካሰችው ጌቶቹን እንጂ ባሮቹን አልነበረም። በኢትዮጵያም ነጻ የወጣው ሰው መሬት አልተሰጠውም፤ ብዙው በቀድሞ ጌታው ደጅ አሽከር ወይም ጢሰኛ ሆኖ ቀረ። የጢሰኝነት ሥርዓት በሕግ የፈረሰው በ1975 በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ነው።