ለኤልኢዲ ዘበኛ ማቆም

የተቃጠለ ነጭ ኤልኢዲ ጠጋ ብላችሁ ብታዩት፣ ብዙ ጊዜ ቢጫው መሃል ላይ ጥቁር ነጥብ ታገኛላችሁ። ከልክ ያለፈ ከረንት እንዲህ አድርጎ ነው የሚገድለው።

ሦስት ነጭ ኤልኢዲ በተከታታይ አያይዘን ከ12 ቮልት ባትሪ ጋር እናገናኝ። እያንዳንዱ 3.1 ቮልት ያህል ስለሚወስድ ድምሩ 9.3 ይሆናል። የተረፈውን 2.7 ቮልት 135 ኦም ሬዚስተር ቢሸከመው 20 ሚሊ አምፔር ያልፋል፤ ልኩም ይኸው ነው። ግን 12 ቮልት የምንለው ባትሪ 12 ላይ አይቆምም። የመኪናው ሞተር ሲሠራ ወይም ሶላሩ ሲሞላው 14.4 ሊደርስ ይችላል። ያን ጊዜ ከረንቱ ወደ 38 ሚሊ አምፔር ያሻቅባል። ባትሪው የጨመረው 20 በመቶ ብቻ ሆኖ ሳለ ከረንቱ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው!

ሁለት ቢሲ 547 ትራንዚስተር ይህን ያስቀራል። የኤልኢዲዎቹ ነጌቲቭ ጫፍ ወደ መጀመሪያው ኮሌክተር ይገባል፤ ኤሚተሩ በትንሽ ሬዚስተር በኩል ወደ ባትሪው ነጌቲቭ ይወርዳል፤ ቤዙ ከፖዘቲቭ በ4.7 ኪሎ ኦም ይመገባል። ሁለተኛው ዘበኛው ነው፦ ቤዙ ከመጀመሪያው ኤሚተር፣ ኮሌክተሩ ከመጀመሪያው ቤዝ፣ ኤሚተሩ በቀጥታ ከነጌቲቭ ጋር ይያያዛል።

የኤልኢዲዎቹ ከረንት ሁሉ በትንሹ ሬዚስተር ያልፋል። እዚያ ላይ ያለው ቮልቴጅ 0.65 ገደማ እስኪደርስ ዘበኛው ተኝቷል። ሲደርስ ይነቃና ለመጀመሪያው ቤዝ የሚሄደውን ከረንት ወደ ነጌቲቭ ያፈሰዋል፤ የመጀመሪያውም መጋቢው ሲቀንስበት በሩን ያጠባል። ባትሪውን የሚጠይቅ የለም፤ የሚለካው ራሱ ከረንቱ ነው። የዚህ ሰርኪት ውበቱ እዚህ ላይ ነው።

ስሌቱ አንድ መስመር ነው፦ 0.65 ለ0.02 ሲካፈል 32.5 ኦም። ገበያ ላይ 33 አለ፣ ይበቃል።

የተረፈው ቮልቴጅ የመጀመሪያው ትራንዚስተር ላይ ሙቀት ይሆናል። በ14.4 ቮልት 90 ሚሊ ዋት ያህል ስለሆነ አያሳስብም። 350 ሚሊ አምፔር ለሚፈልግ ኤልኢዲ ግን ከ1.5 ዋት ስለሚያልፍ ተለቅ ያለ ትራንዚስተርና ማቀዝቀዣ ብረት ያስፈልጋል። ዘበኛውን ከሚሞቀው ራቅ አድርጉት፤ በየዲግሪው 2 ሚሊ ቮልት ያህል ቀድሞ ስለሚነቃ መብራቱ ይደበዝዛል።

ሠርታችሁ ስትጨርሱ ቴስተሩን በ33 ኦሙ ሁለት ጫፍ ላይ አሳርፉ። ከ0.6 እስከ 0.7 ቮልት ካነበበ ዘበኛው ሥራ ላይ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ባትሪውን ነቅላችሁ የዘበኛውን እግሮች ፈትሹ፦ ጠፍጣፋው ፊት ወደ እናንተ ዞሮ፣ እግሮቹ ወደ ታች ሲሆኑ ከግራ ኮሌክተር፣ ቤዝ፣ ኤሚተር ነው።