ጣሳ የተደፋበት እንጨት

ጠላ ቤት ስሙን ሰሌዳ ላይ አያጽፍም። ደጁ ላይ ረዘም ያለ እንጨት ተተክሎ ጫፉ ላይ ባዶ ጣሳ ከተደፋበት፣ እዚያ ቤት ጠላ ይሸጣል ማለት ነው። አላፊ አግዳሚው ማንንም ሳይጠይቅ ጎንበስ ብሎ ይገባል። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ አገርም ነገሩ እንዲሁ ነበር። ከገብስ ብቅል የሚጠመቀውን የአገሩን መጠጥ የሚሸጡ ሴቶች ጫፉ ላይ ቅጠል የታሰረበት እንጨት ደጃቸው ላይ ያቆሙ ነበር። በ1393 (እ.ኤ.አ.) ንጉሥ ሪቻርድ ሁለተኛ መጠጥ የሚሸጥ ሁሉ ምልክት እንዲሰቅል አዘዘ፤ የእንግሊዝ መጠጥ ቤቶች ዛሬም ደጃቸው ላይ አንበሳና ዘውድ የተሳለበት ሰሌዳ የሚሰቅሉት ከዚያ በመጣ ልማድ ነው። ውሎ አድሮ ግን ጠመቃው ከሴቶቹ እጅ ወጥቶ ወደ ትልልቅ ጠማቂዎች ሄደ። እኛ ጋ ፋብሪካ መጣ፣ ጠላው ግን ከሴቶቹ እጅ አልወጣም።

ፋብሪካው ደግሞ የመጣው ሩቅ ቦታ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1922 የተመሠረተው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ለአሥርት ዓመታት ሲጠመቅ የኖረው ከአዲስ አበባው ልደታ ሰፈር ጥቂት እልፍ ብሎ፣ ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ነው። በአንድ በኩል የፋብሪካው ብቅል፣ በሌላ በኩል የየጓሮው ብቅል፤ ሁለቱም በአንድ ሰፈር ዙሪያ አብረው ኖረዋል። ኪሱ ሞላ ያለለት ጃምቦውን ይዞ ድራፍት ቤት ይቀመጣል፣ ያልሞላለት ወደ ጣሳው ይሄዳል። የወር ደመወዝ በወጣ ሰሞንና በወሩ መጨረሻ ሁለቱም ቤት የሚገኘው ሰው አንድ ቢሆን አይገርመኝም።

ጠጅ ቤት ሌላ ነው፤ ዘሩም ከፍ ያለ ነው። ጠጅ የቤተ መንግሥት መጠጥ ነበር፣ በምኒልክ ግብር ላይ በብርሌ የሚቀዳ፤ ራሱን የቻለ የጠጅ ቤት ክፍልና ጠጅ ጣይ የነበረው። ወደ ከተማው አግዳሚ ወንበር የወረደው በኋላ ነው። ጠላ ግን መቼም ቢሆን የቤት ነው።

እንዲያውም ጠላ ቤትን ለማወቅ ከመጠጡ በፊት ግቢውን ማየት ይሻላል። ጠማቂዋ መጀመሪያ ጋኑን በግራዋ ቅጠል አሽታ ታጥባለች፣ በወይራ ጭስ ታጥናለች። የተወቀጠ ጌሾ በውሃ ትጠነስሳለች። ቀናት ቆይታ ብቅሉንና ጠቆር አድርጋ የጋገረችውን ቂጣ ትጨምራለች፤ ቀጥሎ ገብሱ ተቆልቶና ተፈጭቶ አሻሮ ይሆንና ድፍድፉ ይዘጋጃል። በመጨረሻ ውሃ ሞልታ አፉን ትከድናለች። የጠላው ጥቁረትና ያ የጭስ ጣዕም የሚመጡት ከአሻሮው፣ ከቂጣውና ከወይራው ነው፤ ምሬቱ ከጌሾው። ሳይጠል የተቀዳው ጉሽ ይባላል። አንደኛው ካለቀ በኋላ ድፍድፉ ላይ ውሃ ተጨምሮ የሚወጣው ቅራሪ ደግሞ ልጅም የሚጠጣው፣ ለጥም እንጂ ለስካር የማይሆን ነው። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው፤ በዚህ የሚስቁብኝ ጓደኞች አሉኝ።

ለዚህ ሁሉ ምን ያስፈልጋል? እሳት የሚነድበት ቦታ፣ ገብስ የሚሰጣበት ፀሐይ፣ ጭሱን የሚታገሥ ጎረቤት፣ ጋን የሚደረደርበት ጥግ። ካፒታሉ ግቢው ነው። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ሲሆን የልደታ ጭቃ ቤቶችም በብዛት በቀበሌ እጅ ገቡ፤ ኪራያቸው እጅግ ዝቅተኛ ሆኖ ለዓመታት ቆየ። አዋጁ ስለ ጠላ አንዲት ቃል አላነሳም፤ ነገር ግን አንዲት ክፍል ይዛ፣ ደጇን ከጎረቤት ጋር ተጋርታ ልጆቿን በጋን ላሳደገች ሴት ከእሱ የበለጠ የዋለላት ሕግ ያለ አይመስለኝም። የሚያፈሱት የቀበሌ ጣሪያዎች ናፍቆት አይገባቸውም፤ ኪራያቸው ግን ይገባዋል።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ (ዓ.ም.) ልደታ ከአዲስ አበባ መልሶ ማልማት ቀዳሚ ሰፈሮች አንዱ ሆነ። ጭቃ ቤቶቹ ፈርሰው ኮንዶሚኒየም ተተከለ፤ በ2008 ደግሞ ከአያት ጦር ኃይሎች የሚመላለሰው ባቡር በሰፈሩ ማለፍ ጀመረ። ነዋሪው ገሚሱ ዕጣ ይዞ ወደ ፎቁ ወጣ፣ ገሚሱ ወደ ከተማው ዳርቻ ሄደ። ፎቁ መታጠቢያ ቤትና የግል በር ሰጥቷል፣ ይህን የሚያቃልል ሰው ከጎረቤት ጋር በአንድ መጸዳጃ ተሰልፎ አያውቅም። ነገር ግን ሦስተኛ ፎቅ ላይ አሻሮ አይቆላም፣ ወይራም አይታጠንም። ምድር ቤት ያሉት የንግድ ክፍሎች የተሸጡት በጨረታ ነው፤ ጨረታውን የሚያሸንፈው ደግሞ ግሮሰሪ የሚከፍት እንጂ ጋን የሚያስቀምጥ አይደለም። ስለዚህ በልደታ ጎዳና ላይ ዛሬ የሚበዛው የቢራ ሳጥንና የፕላስቲክ ወንበር ነው። የመጠጥ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ያገደው የ2011ዱ አዋጅ ጠላ ቤትን ምንም አልነካም፤ መጀመሪያውኑ የሚታገድ ማስታወቂያ አልነበረውም።

የኮንዶሚኒየም ንድፍ አውጪዎች አንድ ነገር አልረሱም፤ በየግቢው እንጀራ የሚጋገርበት፣ በግ የሚታረድበት የጋራ ቤት ሠርተዋል፤ ሰዉ ኮሚናል ይለዋል። ጠላ ለሠርግ፣ ለማኅበር፣ ለተዝካር መጠመቁ የቀጠለው በእሱና መሬት ላይ በቀሩት ግቢዎች ነው። ለሽያጭ የሚጠመቀው ግን አሁንም ባልፈረሱት መንደሮች ቦታ ይፈልጋል፤ እነሱም ተራቸውን ይጠብቃሉ።

ሰፈሩ መጠጡንና ጎዳናውን አንድ ላይ የሚያይበት ቀን ግን አለው። ግንቦት 1 የእመቤታችን ልደት ነው፤ የሰፈሩ ቤተ ክርስቲያንና ስሙ ሁለቱም ከዚህ ቀን ጋር የተያያዙ ናቸው። በትውፊቱ ሐና እመቤታችንን የወለደቻት በሊባኖስ ተራራ ነው፤ በዚያ የተበላውም ንፍሮ ነበር ይባላል። ስለዚህ ጎረቤት ገንዘብ ያዋጣል፣ ንፍሮው ይቀቀላል፣ ዳቦው ይቆረሳል፣ ጠላው ይቀዳል፤ ይህ ሁሉ የሚሆነው ቤት ውስጥ ሳይሆን ደጅ ነው፣ ሃይማኖቱ የተለየ ጎረቤትም ይቀመጣል። በኮንዶሚኒየሙ ግቢም ይኸው ይደረጋል፤ መዋጮውን የሚሰበስበው የብሎኩ ኮሚቴ ነው፣ ጠላውን ማን ይጥመቀው የሚለው ክርክር ደግሞ ከሚያዝያ አጋማሽ ጀምሮ ይጀመራል።