ደጋፊ ማለት ስም ጠባቂ ነው

ቲፎዞነት ጎል ሲገባ መጨፈር ብቻ የሚመስላቸው አሉ። እኛ የቅዱስ ጊዮርጊስ ደጋፊዎች ግን እንዲህ እናየዋለን።

ክለባችን በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ አራዳ ላይ ተመሠረተ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 27 ቀን ጣሊያን ከተማዋን ያዘ፤ የክለቡንም ስም ለውጦ «ሊቶሪዮ» አሰኘው። ጠላት በ1933 ሲባረር ግን ስሙ ተመለሰ። በልባቸው ያቆዩት ሰዎች ባይኖሩ ከየት ይመለስ ነበር?

እንግዲህ ደጋፊ ማለት ስም ጠባቂ ነው። ከቡና ጋር ስንጋጠም ድምፃችን እስኪዘጋ እንጮሃለን። ከተሸነፍን ሰኞ ጠዋት የቡና ደጋፊ ጓደኞቻችን ይቀልዱብናል፤ ምን ይደረግ፣ እንችላታለን! ዳኛ የሚሳደብና ድንጋይ የሚወረውር ግን ያንኑ ስም ያጎድፋል።

ነገ መምህራን ነን። መሸነፍን ሳንችልበት ልጆችን እንዴት እናስተምራለን?