መታየትና ሪያእ፦ የጎንደር ሙስሊም ወጣቶች ስለ ራሳቸው ያላቸው አመለካከት ሲለወጥ

በጎንደር ከተማ፣ ከዚያም ወዲያ በዳባትና በደባርቅ መስጊዶቻችን በጁሙዓ ኹጥባ ላይ ስለ ወጣቱ ሲነገር የስልክ ፎቶ፣ የጸጉር አቆራረጥ፣ የሴቶች አባያና የወንዶች ጠባብ ሱሪ ብዙውን ጊዜ በአንድ ትንፋሽ ይነሳሉ። ፍርዱም አንድ ይሆናል፦ «ለታይታ ነው»። ታይታ ኪታቦቻችን ሪያእ ብለው የሚጠሩትን ከባድ የልብ በሽታ የሚያመለክት ቃል እንደመሆኑ፣ በአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ላይ ሲነገር ቀላል ክስ አይደለም። በዚህ ክስ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተቀላቅለዋል። አንደኛው በእርግጥ ሪያእ ነው። ሁለተኛው ግን ለረጅም ዘመን እንዳይታይ ሆኖ የኖረ ማኅበረሰብ ልጆች «እኛም አለን» የሚሉበት መንገድ ነው። ሁለተኛውን ለመረዳት ታሪክ፣ የመጀመሪያውን ለይቶ ለማውጣት ደግሞ የፊቅህና የነፍስ ማጥራት ኪታቦች ያስፈልጉናል።

ከታሪኩ እንነሳ። የየመኑ ኢማም መልእክተኛ አል-ሐሰን ኢብን አሕመድ አል-ሐይሚ በ1648 እ.ኤ.አ. ወደ ዐፄ ፋሲለደስ ቤተ መንግሥት ሲመጣ ጎንደር ገና ወጣት ከተማ ነበረች። ከሃያ ዓመት በኋላ በ1668 እ.ኤ.አ.፣ በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ፤ ውሳኔው ቤተ እስራኤልንም የሚመለከት ነበር። ሙስሊሞቹ ከከተማዪቱ ዝቅ ብሎ በሚገኘው፣ እስላም ቤትና አዲስ ዓለም በተባለው ሰፈር ተቀመጡ። ርስት የመያዝ መብት ስላልነበራቸው ኑሯቸውን በንግድ፣ በሽመናና በልብስ ስፌት መሠረቱ። ወደ ምጽዋና ወደ መተማ ከሚወርደው የሲራራ ንግድ ብዙው በእጃቸው ነበርና «ነጋዴ» የሚለው ቃል በአካባቢው አነጋገር የሃይማኖት መጠሪያ እስከመሆን ደረሰ። ሰውየው የሚያምነው ቀርቶ የሚሸጠው ስሙ ሆነ ማለት ነው።

በ1878 እ.ኤ.አ. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ በዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ዘመን ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ሲታዘዝ ከፊሉ ወደ መተማና ወደ ሱዳን ተሰደደ፤ ከፊሉም በቀን የታዘዘውን እየመሰለ በሌሊት ሶላቱን ሰገደ። ከዚህ ታሪክ የወረስነው የግፍ ትዝታ ብቻ አይደለም፤ አንድ ዓይነት አደብም ወርሰናል። ድምፅን ዝቅ ማድረግ፣ በገበያ መካከል ስለ ሃይማኖት አለማንሳት፣ ልጅን ወደ ትምህርት ቤት ሲልኩ «አንገትህን ደፍተህ ሂድ» ማለት የዚህ አደብ መገለጫዎች ናቸው። አባቶቻችን በዚህ አደብ ቤተሰብ አቆሙ፣ ኪታብ አስቀሩ፣ ከጎረቤት ጋር ተቻችለው ኖሩ። ልናቃልለው አይገባም።

ሆኖም ዛሬ በመድረሳ ፊታችን የሚቀመጠው ልጅ የዚያ ዘመን ልጅ አይደለም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተደረገው ታላቅ ሰልፍ ካነሳቸው ጥያቄዎች አንዱ የስም ጥያቄ ነበር፦ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» መባል ቀርቶ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» መባል። ከአብዮቱ በኋላ በዓሎቻችን በሕዝብ በዓልነት ታወቁ፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 27 የእምነት ነጻነትን ደነገገ። አሁን የጎንደር ደረሳ «እስላም ነኝ» ሲል አይሰማም፤ «ሙስሊም ነኝ» ይላል፤ አያቱ የመጀመሪያውን ቃል ሲጠቀም ደግሞ ሰዋስዉን ጠቅሶ ያርመዋል፦ እስላም የሃይማኖቱ፣ ሙስሊም የተከታዩ ስም ነው እያለ። እርማቱ ትክክል ነው። ከሰዋስዉ በስተጀርባ ግን ሰው ባወጣለት ስም ላለመጠራት የመፈለግ ስሜት አለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ስለ ማንነት በምናስተምርበት ጊዜ ሁሉ ወደ ነጃሺ ታሪክ እንሮጣለን። ታሪኩ ክቡር ነው፤ ነገር ግን ወጣቱ በውስጡ የሚያገኘው ራሱን እንደ እንግዳ፣ አገሪቱን እንደ አስተናጋጅ ነው። የአዲስ ዓለምን ሸማኔና የመተማን ሲራራ ነጋዴ፣ በግብጽ አል-አዝሃር በጀበርቲዎች ስም ይጠራ የነበረውን ሪዋቅ ብንነግረው የራሱን አያት በታሪክ ውስጥ ያያል።

የወላጆች ፍርሃት መሠረት የሌለው እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. በጎንደር በሼኽ ከማል ለጋስ ቀብር ላይ በተነሳው ጥቃት ከ20 የማያንሱ ሰዎች ተገድለዋል። ከዚያ ቀን በኋላ ልጇ በጅልባብ ወደ ፒያሳ ስትወጣ «ዛሬ እንኳ ነጠላ ብትለብሺ ምናለ?» የምትል እናት ስለ ዘመናዊነት እየተከራከረች አይደለም፤ ስለ ልጇ ሕይወት እየተጨነቀች ነው። ልጅቱ በበኩሏ እናቷ በእምነቷ እንዳፈረች አድርጋ ትረዳታለች። ሁለቱን ማስማማት የሚችለው የሁለቱንም ምክንያት የሚያውቅ መምህር ነው።

የልብሱ ጉዳይ በዚሁ ላይ የሚቆም አይደለም። የደጋው ሙስሊም ሴት የአገር ቀሚስና ነጠላ፣ ከውስጥም ሻሽ ትለብስ ነበር። አባያው የመጣው ከዐረብ አገር ሠርተው በተመለሱ እህቶች ሻንጣና በገበያ ነው፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲም ከወሎ፣ ከጅማ፣ ከሐረርና ከሶማሌ የመጡ ሙስሊም ተማሪዎችን ከከተማዪቱ ልጆች ጋር በአንድ ክፍል አስቀምጧል። እናቶች «ልጄ ዐረብ ሆነችብኝ» ሲሉ፣ ሴት ልጆች ደግሞ የእናቶቻቸውን ነጠላ «የባህል እንጂ የዲን ልብስ አይደለም» ሲሉ ይሰማሉ። ሁለቱም ተሳስተዋል። ሸሪዓው ሊሸፈን የሚገባውን፣ የጨርቁን አለመሳሳትና አለመጥበቅ ተናገረ እንጂ ለቀለሙና ለስፌቱ አገር አልወሰነለትም። በአግባቡ የተጣፋ የጎንደር ነጠላ ከወፍራም ቀሚስና ከሻሽ ጋር ሸርጡን ያሟላል፤ ጌጡ የበዛ፣ ወገብ የሚያሳይ አባያ ግን ጥቁር ስለሆነ ብቻ አያሟላም።

በወንዶቹ በኩል ብዙ ጭቅጭቅ የሚያስነሳው ጸጉር ነው። ከጎንና ከጎን አሳጥሮ መሐሉን ማስረዘም የተለመደ ሆኗል፤ በአንዳንድ መስጊድ በር ላይም ልጆች በዚሁ ምክንያት ሲገሠጹ ይታያል። ማስረጃው ኢብን ዑመር የዘገቡት የቀዘዕ ክልከላ ነው፤ ቀዘዕ ማለት የራስን ጸጉር ከፊሉን መላጨትና ከፊሉን መተው ነው። ኢማም አን-ነወዊ ግን በሶሒሕ ሙስሊም ማብራሪያቸው ሊቃውንት ይህን የተጠላ እንጂ ሐራም እንዳላሉት ያስረዳሉ፤ የተነገረውም ስለ መላጨት እንጂ ስለ ማሳጠር አይደለም። ከዚህ ይልቅ የሚያስገርመው ሌላ ነው። በገጠራችን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሕፃኑን ራስ በምላጭ ላጭቶ ቁንጮ ይተውለት ነበር፤ ዛሬም በየመንደሩ አልጠፋም። በቃሉ ትርጉም ቀዘዕ ማለት ቁንጮ ነው። በሐዲሱ ዘገባም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያረሙት ከፊል ራሱ የተላጨ ሕፃን ነበር። የአያቶችን ቁንጮ በዝምታ አልፎ የልጅ ልጆቻቸውን ጸጉር በር ላይ ማስቆም ለወጣቱ የሚያስተላልፈው ትምህርት አንድ ነው፦ የተከለከለው ሐዲሱ የከለከለው ሳይሆን አዲስ የሆነው ነው የሚል።

ወደ ስልኩ እንምጣ። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኝ የነበረችው የግጭ መንደር ነዋሪዎች ሙስሊሞች ነበሩ። ከ400 የሚበልጡት አባወራዎች በ2008 ዓ.ም. ገደማ ወደ ደባርቅ ከተማ ተዛውረዋል። መንደሪቱ በተጓዦች መንገድ ላይ ስለነበረች የግጭ ልጆች ከተወለዱ ጀምሮ ፎቶ ተነስተዋል፤ ፎቶዎቹ ግን የእነርሱ አልነበሩም። ገብስ ሲያጭዱ፣ በግ ሲጠብቁ፣ በብርድ ተኮራምተው ሳሉ የተነሷቸው ምስሎች ከተራራውና ከጭላዳው ጋር ተያይዘው ወደማያውቁት አገር ሄዱ። ዛሬ በደባርቅ ከልባሽ ተራ በገዛው ጃኬት ቆሞ ራሱን ፎቶ የሚያነሳ ወጣት፣ ምናልባትም ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እንዴት እንደሚታይ የሚወስነው ራሱ ነው። ይህን ሳናስተውል «ታይታ» ብንለው ከልጁ ጋር ንግግሩ ገና ሳይጀመር ያበቃል።

ፎቶ ማንሳት ራሱ ከምስል ሠሪዎች ማስጠንቀቂያ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ክርክር አርጅቷል። በ1935 እ.ኤ.አ. ያረፉት የግብጹ ሙፍቲ ሙሐመድ በኺት አል-ሙጢዒ ፎቶግራፍ ጥላን መያዝ እንጂ መፍጠርን መፎካከር አይደለም ብለው ፈቅደዋል፤ እንደ ሼኽ ኢብን ባዝ ያሉት ካላስገደደ በቀር ከልክለዋል። ከልካዩም ፈቃጁም ዛሬ ትምህርቱን በቪዲዮ ስለሚያሠራጭ በዚህ ላይ ጊዜ ማጥፋት አያስፈልግም። ጥያቄው የካሜራው ሳይሆን የማሳየቱ ነው።

ስለ ማሳየት ደግሞ ከኢማም አል-ገዛሊ ኢሕያእ የበለጠ መመሪያ አላገኘሁም። ገዛሊ ሰው የሚታይበትን ነገር በአምስት ይከፍሉታል፦ በሰውነት፣ በአለባበስ፣ በንግግር፣ በሥራና በተከታዮች። አምስተኛው ዛሬ «ተከታይ» የሚለው ቃል በስልክ ላይ ያለውን ትርጉም ለሚያውቅ ሰው ያስደነግጣል፤ ገዛሊ የሚናገሩት ግን በዙሪያቸው ሰው በመብዛቱ ስለሚደሰቱ ዓሊሞችና ዓቢዶች ነው። በሰውነትና በአለባበስ ስለመታየት ሲያስረዱም መጀመሪያ የሚጠቅሱት የተኳለውንና የተሸለመውን አይደለም፤ በጾም የገረጣ ለመምሰል የሚሞክረውን፣ የተጣፈ ልብስ ለብሶ ዛሂድ መባልን የሚፈልገውን ነው። ከዚህም አልፈው ከዒባዳ ውጭ ባለ ጉዳይ፣ ለምሳሌ ሰዎች ዘንድ ሲወጡ ልብስን በማሳመር፣ በሰው ዓይን ጥሩ ሆኖ መታየትን መፈለግ በራሱ ሐራም እንዳልሆነ ይገልጻሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ ባልደረቦቻቸው ከመውጣታቸው በፊት በውኃ ማድጋ ውስጥ እየተመለከቱ ጥምጣማቸውንና ጸጉራቸውን እንዳስተካከሉ ዓኢሻ የተናገሩትን ያነሳሉ፤ የዘገባው ሰነድ ጠንካራ ባይሆንም ገዛሊ ነገሩን እንዴት እንደተረዱት ያሳያል። ኢብን መስዑድ በዘገቡትና ሙስሊም በመዘገቡት ሐዲስም ጥሩ ልብስና ጫማ መውደድ ኩራት ይሆን ብሎ ለጠየቀ ሰው የተሰጠው መልስ፣ ኩራት እውነትን መግፋትና ሰውን መናቅ መሆኑን ነው።

በዚህ ሚዛን ሲመዘን በኢድ ቀን አዲስ ልብሱን ለብሶ ፎቶውን የለጠፈ ልጅ ሪያእ ውስጥ አልገባም። በተራዊሕ ሶላት መካከል ስልኩን ደግፎ እንባውን የቀረጸው ግን በቀጥታ በሩ ላይ ቆሟል፤ ለድሃ ዘይት ሲሰጥ የድሃዋን ፊት የቀረጸውም እንዲሁ፤ እርሱ በተጨማሪ የሴትዮዋን ክብር ነክቷል። የሚያሳዝነው እኛ የመጀመሪያውን ገሥጸን ሁለተኛውንና ሦስተኛውን «ማሻአላህ» ማለታችን ነው።

ፊት የሚያሳምረው ፊልተር ለብቻው መታየት ይገባዋል። ቆዳን ያነጣል፣ አፍንጫን ያሰልካል፣ ዓይንን ያሰፋል። ይህን የምዕራባውያን ተጽዕኖ ብሎ መዝጋት ይቀለን ይሆናል፤ ነገር ግን «ቀይ ናት» ማለትን ሙገሳ፣ «ጠቆር ትላለች» ማለትን ማካካሻ የሚሻ ጉድለት ያደረገው የራሳችን የሽምግልና ቋንቋ ነው። በኹጥባችን ቢላልን እያወደስን በሠርጋችን ቅላትን እናሞግሳለን፤ ልጃገረዷ የሰማችው ሁለተኛውን ነው። ፊልተሩ በአካል ላይ ምንም ስለማይለውጥ የአላህን ፍጥረት ከመለወጥ አይቆጠርም፤ ቆዳ የሚገፍፍ ማንጫ ቅባትና ንቅሳት ግን ይቆጠራሉ፤ ቅባቱ በጤና ላይ ጉዳትም አለው። ብዙዎቹ ከቅባቱ የሚደርሱት ለፊልተሩ ፊት መስታወት ውስጥ ያለውን ለማስተካከል ሲሞክሩ ስለሆነ ሁለቱን አያይዞ ማስተማር ይጠቅማል።

ፊልተር ግልጽ የሸሪዓ ጥያቄ የሚሆነው በጋብቻ ነው። ሳዑዲ ወይም ዱባይ ያለ ወጣት ደባርቅ ወይም ዳባት ያለችን ልጅ በፎቶ ብቻ አይቶ ሽማግሌ መላኩ ዛሬ እንግዳ ነገር አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለጋብቻ የታሰበችን ሴት አስቀድሞ ማየትን ለሙጊራ ኢብን ሹዕባ ያዘዙት መተያየቱ መዋደድን ስለሚያጸና ነው፤ ፊልተር ያለበት ፎቶ ይህን ዓላማ ያፈርሳል። በሽያጭ ምዕራፍ የምናስተምረውን ሙሰራት እናስታውስ፦ ወተቷ እንዲበዛ መስሎ እንዲታይ ሳትታለብ የቆየች እንስሳ የገዛ ሰው የመመለስ ምርጫ አለው። ጋብቻ ሽያጭ ስላልሆነ ሕጉ እንዳለ አይወሰድም፤ በመልክ ማታለል የተከለከለበት ምክንያት ግን አንድ ነው። ይህ ወንዱንም ይመለከታል፤ የተከራየው መኪና ፊት ቆሞ ፎቶ የሚልከው ሙሽራ ከፊልተሯ ልጅ አይሻልም። ኒካሕ የሚያስሩ ኢማሞች ከመሕርና ከምስክር ጥያቄ በፊት ሁለቱ በወሊዋ ፊት ተያይተው እንደሆነ፣ በአካል ካልተቻለም በቪዲዮ ጥሪ ያለ ምንም ማሳመሪያ ተያይተው እንደሆነ ሊጠይቁ ይገባል፤ ካልተያዩም ማሰሩን ለሌላ ቀን ያቆዩት።