በስልክ ፕሮግራም ውስጥ ስለ መልእክት ተቀባዮች ቅደም ተከተል

በአቃቂ በሰቃ ገበያ አንድ ሰው ዕቃ ገዝቶ በቴሌብር ሲከፍል፣ ጠንቃቃ ባለሱቅ ዕቃውን የሚለቀው የክፍያው መልእክት በራሱ ስልክ ላይ ሲደርስ ነው። ቴሌብር ሥራ ከጀመረበት ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ እንዲህ ያለው ግብይት ተለምዷል። ይህን መልእክት አንብቦ በመዝገብ የሚያስገባ ፕሮግራም ለመሥራት የተነሣ ተማሪ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፤ ይኸውም አንዱን መልእክት ብዙ ተቀባዮች ሲጠብቁት ማን ይቅደም የሚለው ነው።

አንድሮይድ ለዚህ የቅድሚያ ቁጥር አበጅቷል። ቁጥሩ ከኔጋቲቭ 1000 በላይና ከ1000 በታች ሆኖ፣ በተራ በሚታደል መልእክት ትልቁን የያዘው ይቀድማል፤ እኩል ከያዙት ግን ማን እንደሚቀድም አይታወቅም። ብዙዎቻችን 999 ብለን ጽፈን ነገሩ ያለቀ ይመስለናል። እኛም መስሎን ነበር።

ከ2006 ዓ.ም. በፊት ቁጥሩ ብርቱ ሥልጣን ነበረው። ቀዳሚው ተቀባይ መልእክቱን አንብቦ ሊያስቀረው ይችል ስለ ነበር፣ የስልኩ ባለቤት መልእክት እንደ መጣለት እንኳ ሳያውቅ ሊቀር ይችል ነበር፤ ለሌባ የተመቸ ነገር ነው። በዚያ ዓመት የወጣው አንድሮይድ 4.4 መልእክቱን ተቀብሎ የማኖርን ሥራ ባለቤቱ ለመረጠው ለአንድ ፕሮግራም ብቻ ሰጠ፤ ሌሎቹ ይሰማሉ እንጂ አያስቀሩም። በ2017 ዓ.ም. የወጣው አንድሮይድ 16 ደግሞ ቁጥሩ በአንዱ ፕሮግራም የራሱ ተቀባዮች መካከል ካልሆነ በቀር ዋስትና እንዳይሆን አደረገ። በአቃቂ ጣቢያ ያልፍ የነበረው የጅቡቲ ባቡር በአንድ ሐዲድ ይመላለስ ስለ ነበር፣ ነጂው ስለ ቸኰለ ብቻ አይቀድምም ነበር። በስልክም ቅድሚያን የሚሰጠው ሥርዓቱ ነው፤ የእኛ ቁጥር ልመና ነው።

በበኩላችን የምንመክረው ከሌላው ፕሮግራም ጋራ መሽቀዳደሙን ትቶ የራስን ሥራ ማሰለፍ ነው። የባለሱቁ ፕሮግራም ክፍያውን ይመዘግባል፣ ከሽያጩ ጋራ ያስተያያል፣ በድምፅም ያስታውቃል። ድምፁ ደስ ስለሚያሰኝ ይመስለናል፣ ጀማሪ ሁሉ እርሱን ያስቀድማል። ነገር ግን ለተቀባዩ የሚሰጠው ጊዜ በሴኮንድ የሚቆጠር ነው። ፕሮግራሙ በመካከል ቢቋረጥ ባለሱቁ ድምፁን ሰምቶ ዕቃውን ይሰጣል፤ ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ግን ክፍያው በመዝገቡ የለም። ስለዚህ መመዝገቡ ይቅደም። የክፍያው መለያ ቁጥር አስቀድሞ በመዝገቡ ከተገኘ ደግሞ ድምፁ አይሰማ፤ አለዚያ በአንድ ክፍያ ሁለት ጊዜ ዕቃ ይወጣል። ሦስቱን ሥራዎች ለሦስት ተቀባዮች ከፋፍሎ ቁጥር ከመስጠት፣ በአንድ ተቀባይ ሥር በተራ መጻፉ ይሻላል።

የላኪው ማንነት ግን ከሦስቱም በፊት ይመርመር። የቅድሚያ ቁጥር መልእክቱ እውነተኛ ይሁን ሐሰተኛ አይለይም፤ 999 የያዘው ተቀባይ የሐሰቱንም መልእክት ቀድሞ ይቀበላል። ሙከራውም በአንድ ስልክ ብቻ አይደረግ፤ ከአንድሮይድ 16 በፊት በነበረው ላይ በተራው የሄደ ፕሮግራም በአዲሱ ላይ ተራው ሊፋለስ ይችላል።